የረሱንን አረጋውያን አንርሳ



መስቀል የመታሰቢያ በዓል ነው። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት እንደምንማረው የጌታ መስቀል ለሦስት መቶ ዓመታት ያህል በጎልጎታ በጉድፍ ክምር ሥር ተቀብሮ፣ ሥፍራውም ከሰው ልቡና ጠፍቶ ኖሯል። ንግሥት ዕሌኒ በአራተኛው መቶ ዓመት መስቀሉን ፍለጋ ወደ ኢየሩሳሌም በወረደች ጊዜ ሥፍራውን የሚያሳያት ሰው አጥታ ብዙ ደክማለች፤ በመጨረሻ ኪራኮስ የተባለ አንድ ሽማግሌ ከአባቶቹ የሰማውን አስታውሶ አመለከታት። እርሷም ደመራ አስደምራ ዕጣን ብታጤስበት፣ ጢሱ ወደ ላይ ወጥቶ ተመልሶ ወደ ምድር በመስገድ ሥፍራውን አሳያት። ዕሌኒ ራሷም ያን ጊዜ በዕድሜ የገፋች እናት ነበረች። ስለዚህ ዛሬ በየአደባባዩ በምንለኩሰው ደመራ ውስጥ የሁለት አረጋውያን ውለታ አለበት፤ አንዲቱ ፈለገች፤ አንዱ አስታወሰ።

የበዓሉን ምሥጢር ሊቃውንቱ በየዐውደ ምሕረቱ በስፋት ስለሚያስተምሩት በዚህ ጽሑፍ አንዘረዝረውም። ዛሬ ለማንሣት የምንፈልገው ከዚያው ታሪክ የሚነሣ አንድ ጥያቄ ነው። ለትውልድ የሚያስታውስ ሽማግሌ ራሱ ማስታወስ ያቃተው እንደ ሆነ፣ ልቡናውም እንደዚያ ሥፍራ በክምር ሥር የተቀበረበት እንደ ሆነ፣ እርሱን ቈፍሮ የሚፈልገው ማን ነው?

ጥያቄው ከወሩም ጋር ይገጥማል። ዓለም የአልዛይመር ቀን ብሎ የሚያስበው ሴፕቴምበር 21 በእኛ አቈጣጠር መስከረም 11 ቀን ገደማ ይውላል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1990 የወሰነው ዓለም አቀፍ የአረጋውያን ቀን ደግሞ መስከረም 21 ቀን ገደማ ነው። ደመራው የሚለኰሰው በሁለቱ ቀኖች መካከል ነው።

ነገሩን ከራሴ ልጀምር። በልጅነቴ ዜማ ያስተማሩኝ አንድ መሪጌታ ነበሩ። ጾመ ድጓውን ከነምልክቱ በቃላቸው የያዙ፣ ከብዙ ተማሪ ድምፅ መካከል አንዱ አንዲት ፊደል ቢስት ከተጋደሙበት ቀና ብለው የሚያርሙ ሰው ነበሩ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በመስቀል ዋዜማ ልጠይቃቸው ወደ ቤታቸው ሄድሁ። በደስታ ተቀበሉኝና «የማን ልጅ ነህ፣ ልጄ?» አሉኝ። ነገርኋቸው፤ አባቴንም አስታውሰው መረቁኝ። ቡናው ሳይቀርብ እንደ ገና «የማን ልጅ ነህ?» አሉኝ፤ ደግሜ ነገርኋቸው። በሦስተኛው ግን ትዕግሥቴ አለቀና «የኔታ፣ አሁን እኮ ነገርሁዎት!» አልሁ፤ ድምፄም ከፍ ብሎ ነበር። ያ ሁሉ ተማሪ የሚንቀጠቀጥላቸው መምህር እንደ ተቈጣ ሕፃን አንገታቸውን ደፍተው ዝም አሉ። ስለ ትዕግሥት ብዙ ጊዜ በዐውደ ምሕረት ቆሜ አስተምሬአለሁ፤ የዚያን ዕለት ግን የእኔ ትዕግሥት ከሦስት ጥያቄ አላለፈም።

ሲመሽ ከሰፈሩ ደመራ የካህናቱ ዝማሬ ተሰማ። የኔታ ቀና አሉ። መቋሚያቸውን በእጃቸው ዳብሰው ያዙና ከሩቁ ዜማ ጋር አንዲት ስሕተት ሳይኖርባቸው አብረው ያዜሙ ጀመር። እኔም ስቀላቀል አንድ ቦታ ላይ ስቼ ኖሮ፣ በመቋሚያቸው ጫፍ ጉልበቴን ነክተው አረሙኝ። ስሜን አላወቁትም፤ ስሕተቴን ግን ዐወቁት።

ከእርሳቸው ጋር የምትኖረው የመጨረሻ ልጃቸው ነበረች። ወደ በር ስትሸኘኝ የነገረችኝ ከጆሮዬ አልጠፋም። አባቷ ሌሊት እየተነሡ «ተማሪው ይጠብቀኛል፤ ልሂድ» እያሉ በሩን ይደበድባሉ። አንድ ጊዜ አምልጠው፣ ከአርባ ዓመት በፊት የፈረሰ ጉባኤ ቤት ሲፈልጉ አድረው፣ በማለዳ በሌላ ሰፈር በብርድ ተቈራምደው ተገኝተዋል። እርሷ ሥራዋን ትታለች። ገበያ ስትወጣ በሩን ከውጭ ትቈልፋለች፤ ቈልፋም ታለቅሳለች። ዘመድ «መንፈስ ነው» ይላል፤ ጎረቤት «አባቷን አሰረች» ብሎ ያማል። «መጦሪያ ቢገቡስ?» ብላት «ዲያቆን፣ አባቷን ጣለች ከምባል ሞቴ ይሻለኛል» አለችኝ።

ከሁለት ዓመት በኋላ የኔታ ዐረፉ። በተዝካራቸው ዕለት ድንኳን ተተክሎ፣ ሰንጋ ታርዶ፣ ከየሀገሩ የመጣው ዘመድ ግቢውን ሞልቶት ነበር። እርሷ በአንድ ጥግ ቆማ ስታይ ቆየችና «ዲያቆን፣ ይህ ሁሉ ሰው እስከ ዛሬ የት ነበር?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ ዘግይቶ የመጣ መልስ ነው።

«ጃጀ» የምንለው ማንን ነው?

በቋንቋችን ለእንዲህ ያለው ሁኔታ የተለመደው ቃል «ጃጀ» የሚለው ነው። ቃሉ ሕመምን ከዕድሜ ጋር ያቀላቅላል፤ ሐኪም የሚያስፈልገውን ነገር መሣቂያ ያደርገዋል፤ ቤተሰቡም «ዕድሜው ነው» ብሎ እጁን አጣጥፎ እንዲቀመጥ ይፈቅድለታል። ጃፓናውያን ይህንኑ ችግር ተመልክተው፣ የቀድሞው መጠሪያ ንቀት ያዘለ ነው በማለት እ.ኤ.አ. በ2004 በመንግሥት ደረጃ በሌላ ስም ተክተውታል። ስም በመለወጡ በሽታው አይድንም፤ በሽተኛው የሚታይበት ዓይን ግን ይለወጣል።

ሐኪሞች ዲሜንሺያ የሚሉት፣ በአማርኛም የመርሳት ሕመም እየተባለ የሚጠራው፣ የማስታወስ፣ የማመዛዘን፣ የመናገርና የዕለት ኑሮን የመምራት ችሎታ ቀስ በቀስ የሚሸረሸርባቸው የብዙ በሽታዎች የጋራ ስም ነው። ከእነዚህ መካከል ከመቶ ከ60 እስከ 70 የሚደርሰውን ድርሻ የሚይዘው አልዛይመር ሲሆን፣ በአንጎል የደም ሥሮች መጐዳት ምክንያት የሚመጣውም ብዙ ነው። አልዛይመር ስሙን ያገኘው አሎይስ አልዛይመር ከተባለው ጀርመናዊ ሐኪም ነው። እርሱም እ.ኤ.አ. በ1901 በፍራንክፈርት ከተማ አውጉስተ ዴተር የተባለችን ሕመምተኛ መከታተል ጀምሮ፣ በ1906 ከሞተች በኋላ አንጎሏን በአጉሊ መነጽር መርምሮ ያየውን ለሙያ ጓደኞቹ በጉባኤ አቅርቧል። ይህች ሴት ሆስፒታል በገባች ጊዜ ገና የ51 ዓመት ሰው ነበረች። በአንጻሩ ዘጠና ዓመት ሞልቷቸው ልቡናቸው እንደ ንጋት የጠራ እናቶችና አባቶች በየቤታችን አሉ። እንግዲህ እርጅና የሕመሙን ዕድል ያሰፋል እንጂ እርጅና ራሱ ሕመሙ አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው፣ እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ሰዎች ከዚህ ሕመም ጋር ይኖሩ ነበር፤ ከእነዚህም ከመቶ 60 የሚበልጡት የሚኖሩት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው ሀገሮች ነው። በየዓመቱም ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጉ አዳዲስ ሕመምተኞች ይጨመራሉ። ነገሩ የሀብታም ሀገር በሽታ ነው የሚለው አባባል ስሕተት መሆኑን ከዚህ እንረዳለን። በሀገራችን እ.ኤ.አ. በ1990 አማካይ የመኖሪያ ዕድሜ ከ50 ዓመት በታች ነበር፤ ዛሬ ከ65 ዓመት በላይ ደርሷል። ይህ የምናመሰግንበት በረከት ነው። ዕድሜ ሲረዝም ግን ሕመሙ የሚያገኘው ሰውም ይበዛልና፣ በረከቱን ከነኃላፊነቱ መቀበል ይገባናል።

ሕመሙን ፈጽሞ የሚያድን መድኃኒት እስከ ዛሬ አልተገኘም። ምልክቶቹን በመጠኑ የሚያቀልሉ መድኃኒቶች ግን አሉ፤ በቅርብ ዓመታትም በአልዛይመር መጀመሪያ ላይ ላሉ ሰዎች የበሽታውን ጉዞ በጥቂቱ የሚያዘገዩ መድኃኒቶች በአንዳንድ ሀገሮች ተፈቅደዋል። ከሁሉ በፊት ግን ሐኪም ማየት የሚያስፈልግበት ሌላ ምክንያት አለ። የመርሳት ሕመም የሚመስል ሁሉ የመርሳት ሕመም አይደለም። የእንቅርት ዕጢ ሥራ መድከም፣ የቫይታሚን ቢ 12 እጥረት፣ ከባድ የመንፈስ ጭንቀት፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የሚወሰዱ መድኃኒቶች መደራረብ፣ የአረጋዊን አእምሮ ሊያደበዝዙ ይችላሉ፤ እነዚህም የሚታከሙ ናቸው። ሊድን የሚችለውን ሰው «ጃጅቷል» ብሎ ማስቀመጥ ከባድ በደል ነው።

በዚህ ረገድ የእኛም ወገን፣ የቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች ማለቴ ነው፣ ልንጠየቅ ይገባናል። ብዙው ቤተሰብ ወላጁ ሲለወጥበት መጀመሪያ የሚመጣው ወደ እኛ ነው። ጸሎትና ጠበል የእምነታችን ናቸው፤ ማንም ሊያስተወን አይችልም። ሆኖም የት እንዳለች የማታውቅ የ80 ዓመት እናት በማለዳ ብርድ ስትንቀጠቀጥ «ተናገር፣ ማን ነህ?» ተብሎ ቢጮኽባት ፍርሃቷን እናበዛዋለን እንጂ አናድናትም። ወንጌላዊው ሉቃስ ሐኪም እንደ ነበረ፣ መጽሐፈ ሲራክም ሐኪምን እንድናከብር እንደሚመክር የምናስተምረው እኛ ነን። «ጸሎቱን እናደርሳለን፤ እናንተም ሐኪም ቤት ውሰዷቸው» የሚል አንድ ቃል ከካህን አንደበት ቢወጣ፣ ከብዙ ቅስቀሳ ይልቅ ቤተሰብን ያንቀሳቅሳል።

የሚከላከሉትም ነገር አለ። ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የተሰባሰቡ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጡት ጥናት፣ በዕድሜ ዘመን ውስጥ ሊስተካከሉ የሚችሉ 14 ምክንያቶችን ዘርዝረው፣ በእነዚህ ላይ ቢሠራ ከመቶ 45 የሚሆነውን ሕመም መከላከል ወይም ማዘግየት እንደሚቻል ገምተዋል። የደም ግፊት፣ የስኳር በሽታ፣ ትምባሆ፣ ከመጠን ያለፈ መጠጥ፣ የጭንቅላት ጉዳት፣ የመስማትና የማየት መድከም፣ የትምህርት ማነስ፣ ብቸኝነት ከእነዚህ መካከል ናቸው። እንግዲህ በአርባ ዓመቱ ደም ግፊቱን የሚለካ ሰው ለሰባ ዓመቱ ያስባል ማለት ነው።

ጧሪ አለ፤ ቀባሪ አለ?

«ጧሪ ቀባሪ አያሳጣችሁ» ብለን እንመርቃለን። በዚህች ምርቃት ውስጥ ሁለት ሥራዎች አሉ፤ መጦርና መቅበር። መቅበሩን ተባብረን እንዴት እንደምንሠራው ዐውቀንበታል። እድር አለን፤ ድንኳን፣ ወንበርና ብረት ድስት አለን፤ ጡሩምባ ሲነፋ ከቤቱ የማይወጣ የለም፤ የቀረም ይቀጣል። መጦሩን ግን ለአንድ ቤት፣ በዚያም ቤት ውስጥ ለአንዲት ልጅ፣ ለአንዲት ምራት፣ ወይም ገና ዕድሜዋ ላልጠና የቤት ሠራተኛ ትተነዋል። የቀባሪ እጥረት የለብንም። ያጣነው ጧሪ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ስለዚህ የሚሰጠው ቍጥር የእኛንም ቤት ይገልጻል። የመርሳት ሕመም እ.ኤ.አ. በ2019 ዓለምን 1.3 ትሪሊዮን የአሜሪካን ዶላር አስወጥቷል፤ ከዚህም ግማሽ ያህሉ ቤተሰብና ወዳጅ ያለ ክፍያ የሚሰጡት እንክብካቤ ዋጋ ነው። እነዚህ ሰዎች በአማካይ በቀን አምስት ሰዓት ያህል በማስታመም ያሳልፋሉ፤ ለሕመምተኞቹ ከሚሰጠው የእንክብካቤ ሰዓትም ከመቶ 70 የሚሆነው የሴቶች ነው። ነገር ግን አስታማሚዋ የምትከፍለው በሰዓት ብቻ የሚለካ አይደለም። እናቷ «አንቺ ሌባ፣ መቀነቴን የት ደበቅሽው?» ስትላት፣ አባቷ ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ በገዛ ቤቱ ተቀምጦ «ወደ ቤቴ ውሰዱኝ» እያለ ሲያለቅስ፣ ወላጇ በሕይወት እያለ ኀዘን ተቀምጣለች ማለት ነው። ለዚህ ኀዘን ድንኳን የሚተክልላት የለም።

ቀድሞ ይህን ሸክም የሚጋራ ሰፊ ግቢ፣ የቅርብ ዘመድና ጎረቤት ነበር። ዛሬ ብዙው የከተማ ቤተሰብ በጠባብ ቤትና በኮንዶሚኒየም ፎቅ ላይ ይኖራል፤ ባልና ሚስት ማልደው ለሥራ ይወጣሉ፤ ከልጆቹ አንዱ በዐረብ ሀገር፣ አንዱ በአሜሪካ ነው። ገንዘብ ይላካል፤ ሌሊት ተነሥቶ ሽማግሌውን የሚያስተኛ እጅ ግን በሐዋላ አይመጣም።

መጽሐፈ ሲራክ ስለ አባት ክብር ሲያስተምር አንድ ነገር ለይቶ ያነሣል። አባት በሽምግልናው ማስተዋል ቢጐድለው እንኳ ልጅ እንዲታገሠው፣ በጕልበቱም ታምኖ እንዳይንቀው ይመክራል። ይህ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ያስቈጠረ ምክር ነው፤ ሕመሙም ታጋሽ ልጅ የማግኘቱ ችግርም አዲስ አለመሆኑን ያሳየናል። ይሁን እንጂ ምክሩን ለአንዲት ልጅ ብቻ አሸክመን እኛ ከዳር ቆመን ብንተቻት፣ ትእዛዙን የተላለፈችው እርሷ ሳትሆን እኛ ነን። አስታማሚዋ በድካም በወደቀች ጊዜ በአንድ ቤት ሁለት ሕመምተኛ ይሆናል።

መጦሪያ ማስገባት መጣል ነውን?

ወላጅን ከሰው ለይቶ፣ በር ቈልፎ፣ ቀኑን ሙሉ ለብቻው ትቶ መዋል «በቤቱ ተጦረ» አያሰኝም። እንዲሁም ወላጅን በሚስማማው ሥፍራ አኑሮ በየሰንበቱ እየጠየቁ፣ በእጅ እያጐረሱ፣ ከአስታማሚዎቹ ጋር እየተመካከሩ መኖር መጣል ሊባል አይገባውም። ልዩነቱን የሚያመጣው የሚኖርበት ቤት ዓይነትና የቤተሰቡ አለመለየት ነው።

በኔዘርላንድ፣ ከአምስተርዳም አጠገብ በዌስፕ፣ ሆግቫይክ የሚባል ማረፊያ አለ። እ.ኤ.አ. በ2009 የተከፈተ ነው። ከባድ የመርሳት ሕመም ያለባቸው አረጋውያን ስድስት ሰባት እየሆኑ በአንድ ቤት ይኖራሉ፤ ቤቶቹም የነዋሪዎቹን የቀድሞ አኗኗር ተከትለው የተዘጋጁ ናቸው። መንደሩ ሱቅ፣ ምግብ ቤት፣ ቴአትር ቤትና የአትክልት ሥፍራ አለው። መውጫው ይጠበቃል፤ በውስጡ ግን ማንም «ተመለስ» ሳይላቸው ይመላለሳሉ። አስታማሚዎቹ ነጭ ካፖርት ሳይሆን እንደ ማንኛውም ሰው የዘወትር ልብስ ይለብሳሉ። ጃፓንም በበኩሏ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ የባንክ ሠራተኛውን፣ ባለሱቁን፣ ተማሪውን አንድ ሰዓት ተኩል ያህል በሚፈጅ ትምህርት እያሠለጠነች፣ ከ10 ሚሊዮን የሚበልጡ የሕመምተኞች ደጋፊዎችን አፍርታለች፤ በ2023ም ለመርሳት ሕመም የተለየ ሕግ አውጥታለች።

የሆግቫይክን መንደር ለመገንባት አቅማችን አይፈቅድም፤ የሆግቫይክን ሐሳብ ለመውሰድ ግን ገንዘብ አይጠየቅም። ሐሳቡ ሰውን ከኖረበት ልማድ አለመነጠል ነው። ለእኛ አረጋውያን ይህ ማለት የቡና ጢስ፣ የጠዋት ፀሐይ የሚሞቁበት ደጅ፣ በትከሻ ላይ ያለ ነጠላ፣ ለክርስቲያኑ የቅዳሴ ደወል፣ ለሙስሊሙ አዛን መስማት ነው። የኔታ ስሜን ረስተው ዜማውን እንዳልረሱት ሁሉ፣ በልጅነት የተማሩትና ሲደጋግሙት የኖሩት ነገር ከሌላው ሁሉ በኋላ ይቈያል።

በሀገራችን መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል፣ በክብር ዶክተር ብንያም በለጠ መሥራችነት፣ ከየጎዳናው ያነሣቸውን በሺህ የሚቈጠሩ ወገኖች ሰብስቦ በሕዝብ እርዳታ እየጦረ ይገኛል። ይህ የሚያኰራ ሥራ ነው። የማዕከሉ በር በመጀመሪያ የተከፈተው ግን ፈጽሞ ሰው ላጡ ነው። ልጅ እያላቸው፣ ቤት እያላቸው፣ ሕመማቸው ከቤተሰባቸው አቅም በላይ ለሆነባቸው፣ በተለይ ለመርሳት ሕመም የተዘጋጀ ማረፊያ ያስፈልጋል። ሁሉን ከአንድ ማዕከል መጠበቅም ተገቢ አይሆንም።

ግዴታው በሕግም የተጻፈ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአረጋውያን እንክብካቤ እንዲያደርግ ይደነግጋል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ልጅ ለተቸገረ ወላጁ ቀለብ የመስጠት ግዴታ እንዳለበት ያመለክታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ አእምሮው የታወከ ሰው በፍርድ ቤት ውሳኔ ሞግዚት የሚያገኝበትን ሥርዓት ይዟል። ይህ የመጨረሻው ብዙ ቤተሰብ የማያውቀው ነው። የሚፈርመውን የማያውቅ አባት ቤቱን ፈርሞ ሰጠ እየተባለ ወንድማማቾች በየፍርድ ቤቱ ሲካሰሱ እናያለን። ሕመሙ ገና ሲጀምር፣ ሰውየው ፈቃዱን መናገር በሚችልበት ጊዜ፣ ስለ ንብረቱም ስለ አጧጧሩም በምስክር ፊት እንዲናገር ማድረግ ከብዙ ጠብ ያድናል።

ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ በቤት ውስጥ። ከሕመምተኛው ጋር አለመከራከር ነው። «እናቴ ትጠብቀኛለች» ለሚል ሽማግሌ «እናትዎ ከሞቱ ሠላሳ ዓመት ሆናቸው» ማለት በየቀኑ አዲስ መርዶ ማርዳት ነው፤ «እናትዎ ምን ዓይነት ሰው ነበሩ? እስቲ ይንገሩኝ» ማለት ግን ልብን ያሳርፋል። የመብላት፣ የመታጠብና የመተኛት ሰዓት ሳይለዋወጥ ቢቈይ፣ በአጭር ቃል አንድ ነገር ብቻ ቢነገር፣ ማታ መብራት ቢበራ፣ የከሰል ምድጃና የመድኃኒት ብልቃጥ ከእጅ ቢርቅ፣ ስምና ስልክ የተጻፈበት ወረቀት በኪስ ቢቀመጥ ብዙ አደጋ ይቀራል። የሚችሉትን ሥራም አለመከልከል ነው፤ ምስር መልቀም የምትችል እናት ምስር ትልቀም።

ሁለተኛ በሰፈር። እድሮች የቀባሪነታቸውን ያህል ጧሪዎች ቢሆኑ ምን ይከለክላቸዋል? ቋሚ አስታማሚ ያለበትን ቤት በየሳምንቱ በተራ የሚጐበኝ፣ ለአስታማሚዋም ግማሽ ቀን ዕረፍት የሚሰጥ ደንብ ማውጣት ሰንጋ አያሳርድም። በየአጥቢያው አዳራሽ አለ፤ ከሰንበት በቀር ብዙውን ቀን ተዘግቶ ይውላል። በሳምንት ሁለት ቀን ከጠዋት እስከ ቀትር ተከፍቶ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች አረጋውያኑን ቡና እያጠጡ፣ መዝሙር እያሰሙ፣ ታሪክ እያስነገሩ ቢያውሏቸው፣ አስታማሚዋ በዚያች ሰዓት ሐኪም ታያለች፤ ትተኛለች፤ ሰው ትሆናለች። በየመስጊዱና በሌሎቹም የእምነት ተቋማት እንዲሁ ማድረግ ይቻላል።

ሦስተኛ በመንግሥትና በበጎ አድራጊዎች በኩል። የጤና ጣቢያና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ምልክቱን ዐውቀው ወደ ሐኪም እንዲልኩ ማሠልጠን፣ ለአስታማሚዎች ትምህርት መስጠት፣ አነስተኛ ቤቶችን ያቀፉ ማረፊያዎችን በየክፍለ ከተማው መጀመርና ሰው ሳይታሰርባቸው፣ ሳይደበደብባቸው፣ ሳይራብባቸው የሚኖሩ መሆናቸውን በቍጥጥር ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ቍጥጥር የሌለበት መጦሪያ ዝምተኛ እስር ቤት ይሆናል፤ በውስጡ ያለው ሰው ሄዶ መክሰስ አይችልምና።

በውጭ ሀገር የምትኖሩ ወገኖችም ይህ ጉዳይ ይመለከታችኋል። በመርሳት ሕመም የተያዘ ሰው በኋላ የተማረውን ቋንቋ አስቀድሞ ሲያጣ፣ የአፍ መፍቻ ቋንቋው ይዘገይለታል። ልጆቿን ተከትላ ዋሽንግተን የገባች እናት እንግሊዝኛዋ ጠፍቶ አማርኛ በማይሰማበት ማረፊያ ብትቀመጥ ዝም ትላለች፤ ዝምታዋም እንደ ሕመሙ መባባስ ይቈጠርባታል። በየከተማው ያላችሁ ማኅበራትና አብያተ ክርስቲያናት በሳምንት አንድ ሰው ልካችሁ በቋንቋዋ «እንዴት አደሩ፣ እማማ?» ብታሰኙላት ታላቅ ሕክምና ነው።

ተዝካር የሚለው ቃል ራሱ መታሰቢያ ማለት ነው። ለሞቱት መታሰቢያ ማድረጋችን መልካም ልማዳችን ነው፤ አንተወውም። ይሁን እንጂ ሟቹ በሕይወት ሳለ ያላሰብነው እንደ ሆነ በአርባኛው ቀን የምናስበው ማንን ነው? በዚህ የመስቀል ሰሞን ዘመድ ከዘመዱ ይጠያየቃል፤ ከሩቅ ሀገር የሄደው ወደ ወላጆቹ ይመለሳል። በየቤታችሁ ስማችሁን የረሳ አባት ወይም እናት ይኖሩ ይሆናል። «የማን ልጅ ነህ?» ብለው ደጋግመው ቢጠይቋችሁ፣ በሦስተኛውም በዐሥረኛውም እንደ መጀመሪያው አድርጋችሁ መልሱላቸው። እኔ በጊዜው ያልመለስሁትን መልስ አሁን የምሰጥበት መምህር የለኝም። የእናንተ ገና ከደጃችሁ ፀሐይ ይሞቃሉ።

መልካም በዓል ይሁንልን።